ኖርበርት ዊነርና ሰው ሠራሹ እጅ

እጁን በአደጋ ወይም በጦርነት ያጣ ሰው ያጣው ምንድን ነው ቢባል፣ አብዛኛዎቻችን መያዣውንና ማንሻውን አጥቷል ብለን እንመልሳለን። ሰው ሠራሽ አካል የሚያበጁ ባለሙያዎችም ለብዙ ዘመናት ሲመሩ የኖሩት በዚሁ መልስ ነው። ከእንጨት፣ ከቆዳና ከብረት የሠሯቸው እጆች የጎደለውን ቅርጽ ይሞላሉ፤ ከእነርሱም የተሻሉት በትከሻ እንቅስቃሴ በሚሳብ ገመድ አማካይነት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አንድ የሒሳብ ሊቅ ይህ መልስ ጎደሎ መሆኑን ገለጸ። እጅ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን መልእክተኛም ነው፤ የጨበጠው ነገር መክበዱን፣ መለስለሱን፣ መሞቁን፣ ሊያመልጥም መንሸራተቱን ያለማቋረጥ ወደ አንጎል ያደርሳል። ስለዚህ እጅ ሲቆረጥ ሦስት ነገር አብሮ ይቆረጣል፤ የአካሉ ድጋፍ፣ የጡንቻው ኃይል፣ እንዲሁም ከቆዳውና ከመገጣጠሚያው ይመነጭ የነበረው ስሜት። የሰው ሠራሽ አካል ሙያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለመተካት ሲደክም ኖሯል። ሦስተኛው ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከሙያው አድማስ ውጭ ነበር።

ይህን የገለጸው ኖርበርት ዊነር ነው። ስሙ ለማኅበራችን አባላት እንግዳ አይደለም፤ የመገናኛ ወይም የቁጥጥር ምሕንድስና የተማረ ሁሉ በስሙ ከሚጠራው ማጣሪያ ጋር በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ መታገሉ አይቀርም። የመጽሔቱ አዘጋጆች ነርቭን በኤሌክትሪክ በመቀስቀስ ለሰው ሠራሽ እጅ የመዳሰስ ስሜት ስለ መስጠት ምርምር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ከመሣሪያዎቹ ይልቅ በሰውየው ሕይወት በኩል መግባትን መርጫለሁ። ምክንያቱም ዛሬ በቤተ ሙከራዎች የሚሠራው ሥራ በአመዛኙ እርሱ ጀምሮ ሳይፈጽመው የሞተው ሥራ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊነር በኖቬምበር 26 ቀን 1894 በሰሜን አሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሊዮ ዊነር ከቢያሊስቶክ የፈለሰ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ብዙ ቋንቋዎችን ያጠና፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ የስላቭ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር የሆነና የቶልስቶይን ሥራዎች በ24 ቅጽ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው ነበር። ልጁን በቤቱ ያስተማረው ራሱ ነው። ትምህርቱ በለዘበ ንግግር ይጀመራል፤ ልጁ አንድ ስሕተት የፈጸመ እንደሆነ ግን የአባት ፊት ወዲያው ይለወጥና ትምህርቱ በልቅሶ ይፈጸማል። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው የዓይኑ ብርሃን እየደከመ በመሄዱ ሐኪም ለስድስት ወር እንዳያነብ ከለከለው። አባትየው ትምህርቱን አላቋረጠም፤ በጆሮው እየሰማ፣ ሒሳቡንም በልቡ እየሠራ እንዲቀጥል አደረገ። አንዱ በር ሲዘጋ ትምህርት በሌላው በር መግባት እንደሚችል ዊነር ያወቀው እንግዲህ ገና በስምንት ዓመቱ ነው።

በ11 ዓመቱ ተፍትስ ኮሌጅ ገባ፤ በ14 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ጋዜጦች ተአምረኛ ልጅ እያሉ ጻፉለት። አባቱ ግን በአደባባይ፣ ልጁ እንደ ማንኛውም ልጅ መሆኑንና ያስገኘው ውጤት ሁሉ የአስተማሪው ዘዴ ፍሬ መሆኑን ተናገረ። ልጁ ይህን አነበበ። ሲሳካለት ምስጋናው የአባቱ፣ ሲወድቅ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን የተረዳበት ያ ንባብ እስከ እርጅናው ድረስ እንዳልለቀቀው የሕይወት ታሪኩን በጻፈባቸው ሁለት መጻሕፍት ይታያል።

ወጣቱ ዊነር መሆን የፈለገው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበር። በ1909 ሃርቫርድ ገብቶ ስለ እንስሳት ማጥናት ጀመረ፤ ነገር ግን አልሆነለትም። እጆቹ አይታዘዙለትም፤ ዓይኖቹም ለአጉሊ መነጽር ሥራ አይበቁም ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች በጥንቃቄ የሚከፍቱትንና የሚለያዩትን እርሱ ይቆራርጠዋል። በዚህ ምክንያት ወደ ፍልስፍና ተላለፈና በ1913፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሒሳባዊ ሎጂክ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም በኬምብሪጅ ከበርትራንድ ራስል፣ በጌቲንገን ከዳቪድ ሂልበርት ዘንድ ተማረ። በ1918 በሜሪላንድ በሚገኘው የአበርዲን የመድፍ መሞከሪያ ሥፍራ የተኩስ ሠንጠረዦችን ሲያሰላ ቆየ፤ በ1919 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሒሳብ መምህር አድርጎ ቀጠረው። ከዚያ ተቋም እስከ ሞቱ አልተለየም። በ1926 ማርጋሬት ኢንግማንን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዓመታት ያበረከታቸውን ሒሳባዊ ሥራዎች እዚህ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ብናኞች ሥርዓት የለሽ መስሎ የሚታየውን እንቅስቃሴ በጠበቀ ሒሳብ መግለጹን፣ በመልእክትና በጫጫታ መካከል ያለውን ልዩነት የሒሳብ ጥያቄ ማድረጉን ብቻ ላንሳ። ወፍራም መነጽር ያደረገው ይህ ሰው በተቋሙ ረዣዥም መተላለፊያዎች ሲሄድ፣ ጣቱን ከግድግዳው ሳያነሣ፣ በሐሳብ ተውጦ ይጓዝ እንደነበር በዚያ ያስተማሩ ሰዎች ሲያወሩት ኖረዋል። ስለ መዳሰስ የጻፈው ሰው በዳሰሳ መንገዱን ይመራ የነበረ መሆኑ ለእኔ እንደ ቀልድ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ጦርነቱ ዊነርን ወደ መድፍ መለሰው። በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የእንግሊዝን ከተሞች ይደበድቡ ነበር። የመድፍ ጥይት አውሮፕላኑ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ሴኮንዶች ስለሚወስድ፣ መድፈኛው መተኮስ ያለበት አውሮፕላኑ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ሥፍራ ነው። ዊነርና ጁሊያን ቢግሎ የተባለው መሐንዲስ ይህን የሚተነብይ መሣሪያ ለመሥራት ተነሡ። መሣሪያው በጦር ሜዳ አልዋለም። ሆኖም ሥራው ሁለት ነገር ወለደ፤ አንደኛው በ1942 በቢጫ ሽፋን ተጠርዞ በምሥጢር የተሠራጨው፣ መሐንዲሶች በክብደቱ የተማረሩበት ሒሳባዊ ዘገባ ነው። ሁለተኛው አንድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከግብረ መልስ ነው። የመድፉ አፈሙዝ ወደታዘዘበት አቅጣጫ መዞሩን የሚያረጋግጠው፣ የደረሰበት ቦታ ተለክቶ ወደ ትእዛዝ ሰጪው ሲመለስና ከተፈለገው ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህ መልስ ሲዘገይ ወይም ከመጠን በላይ ሲጎላ አፈሙዙ ዒላማውን ያልፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል፤ ይወዛወዛል። ዊነርና ቢግሎ በሰው አካል ላይም እንዲሁ የሚታይ ሕመም ይኖር እንደሆነ ለሜክሲኳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ለአርቱሮ ሮዘንብሉት አቀረቡለት። እርሳስ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ዒላማውን እየሳተ ወዲያና ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ አለን? ሮዘንብሉት አለ ሲል መለሰ፤ የኋለኛው ትንሽ አንጎል ጉዳት የሚያስከትለው፣ በሕክምና በሚገባ የታወቀ ሕመም ነው። መሐንዲሶች በወረቀት ላይ የደረሱበትን ሐኪሞች በአልጋ ላይ ሲያዩት ኖረዋል።

ሌላም ምሳሌ ነበር፤ ለያዝነው ጉዳይ ይህኛው ይበልጥ የቀረበ ነው። ቂጥኝ የአከርካሪ ሰረሰሩን የጀርባ ክፍል ሲያጠቃ፣ ከእግር ወደ አንጎል የሚወጣው ስሜት ይቋረጣል። ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ ትእዛዝ አስተላላፊው ነርቭም አልተነካም። ሰውየው ግን መራመድ የሚችለው እግሮቹን እያየ ብቻ ነው። ዓይኑን ከጨፈነ ወይም ከጨለመበት ይወድቃል። ዛሬ ሰው ሠራሽ እጅ ያለውን ሰው ልብ ብሎ ለተመለከተ ሁኔታው ይኸው ነው፤ ብርጭቆውን እስኪያስቀምጥ ዓይኑን ከእጁ አይነቅልም። ጤነኛ እጅ የያዘው ነገር ሲንሸራተት ጣቶቹ በ70 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ዓይን አይቶ እጅን እስኪያዝ ግን የዚህ እጥፍ ከዚያም በላይ ይፈጃል። የተሠራው እጅ ምንም ያህል ጠንካራ ሞተር ቢኖረው በዓይን ብቻ የሚዘጋ ቀለበት ዘገምተኛ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ዊነር ሥራውን ከሮዘንብሉት ጋር በሜክሲኮ ቀጠለ። በዚህ መካከል፣ በ1946 መጨረሻ፣ የአንድ አውሮፕላን ፋብሪካ ተመራማሪ ስለሚመሩ ሚሳይሎች ለሚያካሂደው ጥናት ያንን የጦርነት ጊዜ ዘገባ እንዲልክለት በደብዳቤ ጠየቀው። ዊነር አልልክም አለ። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ወዲህ ዕውቀትን መስጠት ንጹሕ ተግባር ብቻ ሊሆን እንደማይችል፣ ያልታጠቁ ሰዎችን ለመደብደብ ለሚውል መሣሪያ ከእንግዲህ እጁን እንደማይሰጥ ጻፈለት። ደብዳቤውም በጃኑዋሪ 1947 አትላንቲክ በተባለው ወርኃዊ መጽሔት ላይ ታተመ። ብዙ የሙያ ጓደኞቹ ይህን እንደ ገራገርነት ቆጠሩት፤ ዘገባው በ1949 ለማንም ሰው በመጽሐፍ መልክ መውጣቱም እምቢታውን ከንቱ ያደረገ ይመስላል። እኔ እንደሚታየኝ ግን የደብዳቤው ዋጋ በከለከለው ወረቀት አይለካም። ያው ሒሳብ ከመድፍ ሌላ የት ሊያገለግል እንደሚችል ራሱን ጠይቆ መልስ ሲፈልግ የደረሰው ከመስማት የተሳናቸውና እጅ የሌላቸው ሰዎች ዘንድ ነው።

በ1948 ያሳተመው ሳይበርኔቲክስ የተባለው መጽሐፍ ዝነኛ አደረገው። ርእሱን የወሰደው መርከብ ነጂ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ አንባቢ ይቸገራል ይባላል፤ ይሁን እንጂ እኛ መሪ የሚለውን አንድ ቃል ለሰውም ለመኪናውም መንኰራኵር ማዞሪያ የምንጠቀም በመሆናችን፣ ዊነር ቋንቋችንን ቢያውቅ ኖሮ ወደ ግሪክ ባልተጓዘ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እጅ ሲቆረጥ አብረው ይቆረጣሉ ያልናቸውን ሦስቱን ነገሮች የቆጠረው በዚሁ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ነው። መፍትሔውንም ጠቁሟል፤ በሰው ሠራሹ ጣት ላይ ግፊት ለኪ ይተከል፣ የተለካውም በቀረው ቆዳ ላይ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ይገለጽ።

ሐሳቡን በተግባር የሞከረው ግን በመጀመሪያ ለጆሮ ነበር። ከጀሮም ዊስነርና ከሊዮን ሌቪን ጋር የሠሩት መሣሪያ የሰውን ንግግር በድምፅ ሞገዱ ድግግሞሽ በየረድፉ ይከፋፍልና እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ ጣት በንዝረት ያደርሳል። የሚሰማው እጅ ተባለ ማለት ይቻላል። ማየትም መስማትም የተሳናት ሔለን ኬለር በ1950 ወደ ተቋሙ ሄዳ ሞከረችው። መሣሪያው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለሕዝብ አልደረሰም፤ ንግግርን በጣት መስማት ከታሰበው እጅግ የከበደ ሆነ። ዊነር ለሥራው የነበረው ጉጉት ከትዕግሥቱ የበለጠ ነበር፤ አንድ መሣሪያ ተጠናቅቆ እስኪያልቅ ዓመታትን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ይህ ጉድለቱ ነው፤ ልንሸፍንለት አይገባም።

በ1961 ከደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና በቦስተን ማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ተኛ። አልጋው ላይ ሆኖ ከአጥንት ሐኪሞች ጋር፣ በተለይም ከሜልቪን ግሊምቸር ጋር፣ ስለ ሰው ሠራሽ ክንድ ሲወያይ ነባሩ ሐሳብ እንደገና ተነሣ። ጡንቻ ሲኮማተር በቆዳ ላይ ጥቂት ሚሊ ቮልት ወይም ከዚያ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይታያል። ክንዱ የተቆረጠ ሰው ክንዴን ልጠፍ ሲል በቀረው ጡንቻ ላይ ይኸው ምልክት ይፈጠራል፤ ምልክቱ ጎልቶ ሞተር ቢያዝዝ ክንዱ በሰውየው ፈቃድ ይታጠፋል። በሶቪየት ኅብረት በዚህ መንገድ የሚሠራ እጅ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ ዊነርም በመጨረሻው መጽሐፉ አንሥቶታል። የተቋሙ፣ የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ የሆስፒታሉና የአንድ የመድን ኩባንያ ትብብር የቦስተን ክንድ የተባለውን አስገኘ። ሥራውን በምሕንድስናው በኩል የመራው ሮበርት ማን ነው።

ዊነር አላየውም። በጃኑዋሪ 1964 ከፕሬዚዳንት ጆንሰን እጅ ብሔራዊውን የሳይንስ ሜዳይ ተቀበለ፤ በማርች 18 ቀን በስቶክሆልም፣ የንጉሣዊውን የቴክኖሎጂ ተቋም ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቆመ። ዕድሜው 69 ዓመት ነበር። የቦስተን ክንድ ለሕዝብ የታየው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1968 ነው። ክርኑ በባለቤቱ ሐሳብ ይታጠፍ ነበር፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ከሦስቱ ኪሳራዎች የመለሰው ሁለቱን ነው። ማንና አንድ ባልደረባው የክርኑን መታጠፍ በቆዳ ላይ በንዝረት ለማሳወቅ የሞከሩትን በ1970 ቢያሳትሙም፣ ከሙከራ አላለፈም።

ከዚህ በኋላ የሥራው አቅጣጫ ከቆዳ ወደ ነርቭ ዞረ። በቆዳ ላይ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የሚሰጠው ስሜት የትከሻ ወይም የደረት ስሜት ነው፤ ጣቴ ተነካ ለማለት ሰውየው መተርጎም አለበት። ይሁን እንጂ እጅ ሲቆረጥ ወደ ጣት ይሄድ የነበረው ነርቭ በቀረው ክንድ ውስጥ በሕይወት ይኖራል፤ አንጎልም ከዚያ መሥመር የሚመጣውን ሁሉ የጣት ወሬ አድርጎ ይቀበላል። ቋንቋውንም እናውቃለን። ኤድጋር ኤድሪያንና ኢንግቬ ዞተርማን በ1926 እንዳሳዩት አንድ የነርቭ ክር ብርቱ ግፊትን የሚገልጸው ምቱን በማጉላት ሳይሆን በማደጋገም ነው። ለመገናኛ መሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ በነርቩ ዙሪያ ወይም በውስጡ ኤሌክትሮድ ይተከላል፤ በሰው ሠራሹ ጣት ላይ ያለው ግፊት ለኪ የለካው ወደ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ይለወጥና ወደ ነርቩ ይላካል። እያንዳንዱ ምት በአንድ አቅጣጫ የላከውን ቻርጅ በተቃራኒው መልሶ መሳብ አለበት፤ አለበለዚያ ኤሌክትሮዱም ሕብረ ሕዋሱም ይበላሻል። በ1974 ፍራንክ ክሊፒንጀርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ይህን በሰው ላይ ሞክረው አሳተሙ። የመሣሪያው መጠን፣ ባትሪውና ሽቦው ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ስሜቱም የደነዘዘ እግር ሲለቅ እንደሚሰማው ዓይነት ውርር የሚያደርግ ነበር እንጂ መነካት አልነበረም፤ ይህ ችግር ለብዙ ዓመታት ቆየ። በ2014 የክሊቭላንድ ተመራማሪዎች የምቶቹን ስፋት በዝግታ ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት ውርርታው ወደ ግፊት ስሜት ተለወጠ። ዓይኑ የተሸፈነ ሰው በሰው ሠራሽ እጁ የቼሪ ፍሬ ይዞ፣ ሳይጨፈልቀው፣ ቅንጣቢውን ነቀለ። የሌለ እጅ ሕመምም ቀነሰ። በፒትስበርግ ደግሞ እጆቹ ሽባ የሆኑበት ሰው ኤሌክትሮድ በአንጎሉ ላይ ተተክሎለት የሮቦት ክንድን በሐሳቡ አዘዘ፤ በ2021 እንደታተመው የመዳሰስ ስሜት ሲጨመርለት አንዱን ሥራ ለመፈጸም የሚወስድበት መካከለኛ ጊዜ ከ20.9 ሴኮንድ ወደ 10.2 ሴኮንድ ወረደ። ሞተሩ አልተለወጠም፤ የተዘጋው ቀለበቱ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ለዚህ ምርምር በአሜሪካ ትልቁን ገንዘብ ካወጡት መካከል አንዱ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የላቀ ምርምር ድርጅት ነው፤ ከ2006 ጀምሮ ለሰው ሠራሽ ክንድ፣ ከ2014 ጀምሮም በተለይ ለመዳሰስ ስሜት ከፍሏል። ምክንያቱም ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን እጃቸውን አጥተው የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። ዊነር ከጦርነቱ በኋላ የጦር ኃይልን ገንዘብ አልነካም ያለ ሰው ነው። ሌሎቹም እንደ እርሱ ገንዘቡን ባለመቀበል ጸንተው ቢሆን ኖሮ የጀመረው ቀለበት ምናልባት ዛሬም ባልተዘጋ ነበር። ሊቀበል ይገባ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ ሁለቱንም እውነት ጎን ለጎን አስቀምጬ ባልፍ ይሻለኛል።

የአውሮፓው ሙከራ ከዚህ ወገን አልነበረም። በ2013 በሮም ጀሜሊ ሆስፒታል ውስጥ፣ ግራ እጁን በርችት አደጋ ላጣ አንድ የዴንማርክ ተወላጅ፣ በክንዱ ሁለት ነርቮች ውስጥ አራት ኤሌክትሮዶች ተተከሉለት። ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ጆሮው ተደፍኖ፣ የጨበጠው ነገር ጠንካራ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ መሆኑን፣ ክብ ወይም ሌላ ቅርጽ ያለው መሆኑን ለየ። ከአደጋው ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ለሙከራው የተፈቀደው ጊዜ 30 ቀን ነበርና ቀኑ ሲሞላ ሐኪሞቹ ኤሌክትሮዶቹን አወጡ፤ ሰውየውም ትእዛዝ ተቀብሎ ወሬ የማይመልሰውን የቀድሞውን እጁን አጥልቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ።